መስታወት ሁለቴ አይሰመርም

«አንዴ» የሚለውን ስም ለልጅ ልጄ ያወጣላት አጎቷ ነው። አጎቷ ልጄ ነው፤ መስታወት ይቆርጣል። ሰው ማመስገን ጥርስ የማስነቀል ያህል ያመዋል። የሟች እህቱ ልጅ ግን ገና ልጅ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ እየገባች ዓይኗን ከእጁ አልነቅል ስትለው፣ አንድ ቀን የአልማዝ መቁረጫውን ወረወረላት።

«እስኪ ነይ፣ ከምታፈጪ» አላት።

ማስመሪያውን አጋድማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ መቁረጫውን ከወዲያኛው ጫፍ እስከ ደረቷ ድረስ ሳታቋርጥ ሳበችው። ሐር ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ከሥር ቆርቆር ስታደርገው መስታወቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠርዙ እንደ ውሃ ለስላሳ ነበር። አጎቷ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ማታ ቤት ሲገባ «እማዬ፣ ይቺ ልጅ አንዴ ናት» አለኝ። በዚያው ቀረ። ደንበኛውም ሰፈሩም አንዴ አላት።

የሙያው ሕግ ይኸው ነው፤ መስታወት አንዴ ብቻ ይሰመራል። መስመሩ ደከም ያለ ቢመስል እንኳ በዚያው ላይ አይደገምም። ሁለቴ የተሰመረ መስታወት ጌታ የለውም፤ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል፣ የፈለገውን ይበላል።

አንዴ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት እንቅልፍ አጣች። ፈተና ደርሶባት ነበር፤ የእናቷም ነገር ማታ ማታ ይመጣባታል። አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ የሽቦው ጩኸት እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። ከሱቁ አጠገብ ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ሰው አለ፤ የእሱ ልጅ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው። አፉ ስለማያርፍ ለፍላፊው እንለዋለን። ከሱቁ ኋላ፣ የመስታወት ሳጥኖቹ በተደገፉበት ጥግ፣ የተጠቀለለውን ነገር ያቀበላት እሱ ነው። ይህን በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

«ጋንጃ እኮ ቅጠል ነው» አላት። «ፍየል ቅጠል በልታ ስታብድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኛ ፍየል ነን?» አለችው።

«አንቺ እንኳ ነሽ። ያዢ።»

ሳቀች፤ ተቀበለችውም። ያን ሌሊት ተኛች። ነገሩ የከፋው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የጠቀማት መሰላት።

ሽታውን ማንም አላወቀም። ሱቁ ነጭ ጋዝና ስቱኮ ይሸታል፤ እሷም ስትገባ እንደዚያው ነው የምትሸተው። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሾርባ ውስጥ ጨው ትጨምርና ማንኪያውን ሳታስቀምጥ ደግማ ትጨምራለች። ቧንቧ ከፍታ ትረሳለች። አንድ ነገር ልትነግረኝ ትጀምርና መሃል ላይ «ምን እያልኩ ነበር?» ትለኛለች፤ ያለችውን ስነግራት የእኔ ወሬ ይመስል ታዳምጠኛለች። ኳስ ሜዳ መሄድ ተወች። የትምህርት ቤት ውጤቷ ቁልቁል ወረደ። ስትቆጣ ዓይኗ ውስጥ የማላውቃት ልጅ ትቆማለች።

ለአጎቷ ነገርኩት።

«ፍቅር ይዟታል» አለ።

«ፍቅር ጨው አያስደግምም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አባባ ራሱ በአንቺ ፍቅር ስንቴ ጫማ አቀያይሮ ወጥቷል።» በራሱ ቀልድ ሳቀና ሳቁን ቶሎ ሰበሰበ። «በዚህ ሳምንት እንኳ ሁለት የመስኮት መስታወት አበላሽታብኛለች። መድኃኒቱን እኔ አውቃለሁ።»

መድኃኒቱ የመስታወት ቆራጮች የቆየ ልማድ ነው። እጁ የከዳው ሠራተኛ ትንሽ ነገር አይሰጠውም፤ ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁና ውዱ ይሰጠዋል። እጅ ሲፈራ ይታረማል ይላሉ። ልጄንም አሠሪው እንዲሁ አርሞታል፤ ስለዚህ ጠይቆ አያውቅም። የታመመውስ እጅ ባይሆን? ይህን ለመጠየቅ የሚያስችል ቦታ በዚያ ልማድ ውስጥ አልነበረም።

ምሳ ይዤ የሄድኩ ዕለት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለአንድ ፀጉር ቤት የታዘዘ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የፊት ማያ መስታወት ተዘርግቷል። አንዴ ከኋላ በር ገባች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፈገግ ብላለች። መቁረጫው እንዲንሸራተትላት መስመሩ የሚያልፍበትን በነጭ ጋዝ ቀባች። ማስመሪያውን አጋደመች። ሳበችው፤ ያ የሐር ድምፅ ወጣ። ያማረ ነበር።

ከውጭ ለፍላፊው ጮክ ብሎ ጠራት። ቀና ብላ «መጣሁ» አለች። ወደ መስታወቱ ስትመለስ ቆመች። ፊቷን አየሁት፤ ልክ ጨው መጨመሯን የረሳች ዕለት የነበራት ፊት ነው። ጋዝ የተቀባ መስመር ከላይ ሲያዩት ገና ያልተነካ ይመስላል። አጎቷ በዚያኛው ወገን ጎንበስ ብሎ ጫፉን ደግፎ ይዟል፤ ፊቷን አላየም። እንደገና ሳበችው።

ይህኛው ድምፅ ሐር አልነበረም፤ ጥርስ ማፋጨት ነበር። አጎቷ ድምፁን አውቆ ቀና አለ። «ደግመሽ...» ብሎ ሳይጨርስ ከሥር ቆርቆር አደረገችው። መስታወቱ መስመሩን ትቶ በእሱ በኩል ሄደ።

ሐኪም ቤት የእጁን አንጓ ሰፉለት። ደሙ ቆመ፤ ጅማቱ ግን አልተመለሰም። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እስከ ዛሬ አይገናኙም። ሠላሳ ዓመት መቁረጫ የያዙት እነዚያው ነበሩ።

ነርሷ የቀላ ዓይኗን አይታ ልጅቷን ለብቻዋ ልትጠይቃት ፈለገች፤ እሷ ግን የቀሚሴን ጠርዝ ይዛ «አያቴ ትሁን» አለች። እዚያው ተናገረች። ነርሷ አልጮኸችባትም። እኔ እንድትጮህባት ፈልጌ ነበር።

«የካናቢስ፣ የጋንጃው ነገር እንዲህ ነው እማማ» አለችኝ። «የሰው አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሚረግጡት ወለል ማለት ነው። አሁን ያደረጉትን አሁን ያስረሳል፤ ትኩረትን ይሰርቃል። ብዙ ጊዜ ሲተዉት ይሻላል። ቶሎ የጀመረና ያዘወተረ ግን ያጣውን ሁሉ መልሶ ላያገኝ ይችላል። ለአንዳንዱ ደግሞ የማይዘጋ በር ይከፍታል፤ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ሰውን ሁሉ ይጠረጥራል። ማን እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።»

ወደ ልጅቷ ዞረች። «ስታቆሚ እንቅልፍ ማጣትሽ ይብሳል፣ ትነጫነጫለሽ፣ ያልብሻል። ያልፋል። ስትጨነቂ የምትነግሪው አንድ ሰው ይኑርሽ። ወደ ኳስሽ ተመለሺ። የእናትሽን ሐዘን ለሚያዳምጥ ባለሙያ እኔ እልክሻለሁ። ጭንቅሽን ለጭስ ከመስጠት ለሰው መስጠት ይሻላል።»

አጎቷ ሲሰማ አልጮኸባትም፤ አልመታትምም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረገ። በማግሥቱ ጠዋት ሸሚዙ ደረቱ ላይ እንደተከፈተ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ቆልፊልኝ።»

ጠዋት ጠዋት ትቆልፍለታለች። ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ይላታል። «ቀስ በይ፣ ቁልፍ ነው እንጂ መስታወት አይደለም።» «ይቺን ቆልፈሻታል ወይስ ልትደግሚያት ነው?» አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ «በቃህ እንጂ! ልጅ ናት» አልኩት። «ጣቶቼም ልጆች ነበሩ፣ አብረን ነው ያደግነው» አለኝ። እሷ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ቁልፍ ትወርዳለች፤ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ትራሷን የማጥበው እኔ ስለሆንኩ የት እንደምታለቅስ አውቃለሁ።

ሱቁ ውስጥ ስብርባሪ ጠራጊ ሆነች። ለፍላፊው አንድ ቀን በሩ ላይ መጥቶ ኪሱን መታ መታ አደረገ።

«ለጭንቀትሽ ነው። አንድ አደጋ ደርሶ ዓለም አለቀች እንዴ? እኔ ደህና አይደለሁ?»

«ና ግባ» አለችው መጥረጊያዋን ሳትለቅ። «ጋሼ ጠዋት ሸሚዙን የሚቆልፍለት ሰው ይፈልጋል። አንተ ትቆልፍለታለህ?»

«ሙድ አትያዢ!»

«ስድቡንም ትቀበልልኛለህ። እሱን ካደረግህ አጨሳለሁ።»

እየሳቀ ሄደ። ያ ሳቅ ብዙ አልቆየም። ክረምቱ ሲገባ አባቱ የሚያቀርብለትን ውሃ አልጠጣም ማለት ጀመረ፤ መርዝ አለበት ይላል። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ እሱን የሚያሙ ሰዎች ሰማ። ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሲመለስ ወፍሯል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። በራፉ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ያያል። ለፍላፊው አሁን አይናገርም። የሰፈሩ ልጆች ግን አሁንም ለፍላፊው ይሉታል፤ መልስ እስኪሰጣቸው ጠጠር እየወረወሩ።

አንዴ ከኳስ በተመለሰች ቁጥር አጠገቡ ትቀመጣለች። ምን እንደምትለው አላውቅም። ልጆቹ ግን እሷ ካለች አይወረውሩም።

የእሷ ሌሊት ቀስ በቀስ ተመለሰ። መጀመሪያ ላይ ላብ አጥምቋት ትነሳና እግሬ ሥር መጥታ ትተኛ ነበር። ሾርባው ጨው አንድ ጊዜ ብቻ ያገኝ ጀመር። የትምህርት ቤቱንም ነገር ታጠናለች፤ ግን ድሮ አንዴ ያነበበችውን አሁን ሦስቴ ታነባለች።

አንድ ጠዋት አጎቷ ሸሚዙ ከተቆለፈለት በኋላ አልሰደባትም። ሱቁ ስንደርስ በግራ እጁ አንድ የመስኮት መስታወት ጠረጴዛው ላይ አንጋለለ። መቁረጫውን አጠገቡ አኖረ። በዚያኛው ወገን ሄዶ ቆመና ሁለቱንም እጁን ጫፉ ላይ አሳረፈ፤ ጠባሳ ያለበት አንጓው ልክ እንደ ያኔው ወደ እሷ ዞሯል።

«ጋሼ፣ አትደግፈው። እኔ ለብቻዬ...»

«ቁረጪ።»

ጋዝ ቀባች። ማስመሪያውን አጋደመች። ሳበችው። ሐሩ ተቀደደ። ወዲያው፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ መቁረጫውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ቆመች። ፊቷ ላይ ያ የማውቀው ባዶነት ሲመጣ አየሁት። አጎቷም በዚህ ጊዜ ፊቷን ያይ ነበር። ጣቶቹ ከመስታወቱ ላይ ንቅንቅ አላሉም። ሰምረሻል አላላትም።

እጇ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ መቁረጫው የለም። ወደ ኪሷ ሄደ፤ ነካችው። ኪስ ውስጥ ከሆነ ሰምራለች ማለት ነው። ለራሷ ያበጀችው ዘዴ ይህ ኖሯል። ከሥር ቆርቆር አደረገች፤ መስታወቱ በመስመሩ ተከፈለ።

አጎቷ ጠርዙን በማይታጠፈው አውራ ጣቱ ዳሰሰ። ለስላሳ ነበር።

«ድሮ ኪስ አያስፈልግሽም ነበር» አላት።

«አዎ» አለችና ሌላ መስታወት አነሳች።