በመጋዘኑ ውስጥ የወደቀው ፈረንጅ

ሰው ሲወድቅ አይቶ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ፍጡር አላውቅም ነበር፤ ጣልያን አሳየኝ።

ባሌን «ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላለህ» ብለው ከሉማሜ ገበያ ይዘው ደብረ ማርቆስ ምሽጋቸው ውስጥ አሰሩት። እኔና አማቴ ስንቅ እየቋጠርን በሩ ላይ እንውላለን። አንድ ቀን አስተርጓሚው መጣና፣ «ዛሬ የእስረኛ ቤተሰብ ሁሉ ሲኒማ ይገባል። የምሽጉ አለቃ የሚወደው የሚያስቅ ፊልም ነው። አብራችሁት ሳቁ። ደስ ካለው ይምራል፣ አውቀዋለሁ» አለን። ሲኒማ ምን እንደሆነ ማን ጠየቀ! «ይምራል» ያላትን ይዘን ገባን።

የእህል መጋዘኑን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረዋል። ማሽኑ ሲንቋቋ አንድ ወፍራም ፈረንጅ መሰላል ተሸክሞ አንሶላው ላይ ብቅ አለ። ዞር ሲል በመሰላሉ የጓደኛውን ማጅራት መታው። ጓደኛው ኖራ የሞላ በርሜል ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ይሄኔ መጋዘኑ በሙሉ «እኔን!» አለ። አማቴማ ደረታቸውን ይዘው «እኔን ይድፋኝ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ታዲያ ምን እናድርግ? ሰው ሲደናቀፍ ካፋችን የሚወጣው እሱ ነው፤ ለጠላትም ቢሆን አፋችን ይቀድማል።

ፈረንጁ ኖራ በኖራ ሆኖ ወጣ፣ ደግሞ ወደቀ፤ እኛም ደግመን «እኔን!»። አስተርጓሚው «ሳቁ እንጂ! አበላሻችሁት እኮ!» እያለ በመካከላችን ይሯሯጣል። ልስቅ ሞከርኩ፤ የወጣኝ ሳልም ሳቅም አልነበረም። አለቃው ፊቱን አጥቁሮ ብድግ አለና ወጣ።

አማቴ ሊለምኑት ተከትለውት ሲሮጡ ደጃፉ ላይ ቀሚሳቸው ጠለፋቸው፤ ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ጮኬ ሳልጨርስ አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። አማቴ ከወደቁበት ቀና ብለው አዩት። ተነሱ፣ ራመድ አሉና ሆን ብለው ወደቁ። አሁንም ሳቀ። «እማማ፣ እኔ ልሙት ይተዉ!» ብዬ ልይዛቸው ስል እጄን መንጭቀው፣ «ዝም በይ አንቺ! እየሳቀ እኮ ነው» አሉኝ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ትልቅ ትንሹ ብድግ የሚልላቸው ሴት ናቸው።

አለቃው የሳቅ እንባውን ጠርጎ «ሌላ ቀን ይታያል» አለ ብሎ አስተርጓሚው ነገረን።

ከዚያ ወዲህ ስንቅ ባደረስን ቁጥር አማቴ በሩ ላይ ለወታደሮቹ ይወድቁላቸው ጀመር። ወታደሮቹም ገና ከሩቅ ሲያዩን ይጠራራሉ። በመንገድ ላይ ጭቃውን ከቀሚሳቸው እያራገፍኩ ሳለቅስ፣ «ዛሬማ በደንብ ሳቁ፣ አይደል?» ይሉኛል። ተስፋ የሚሉት ነገር እርግማን ነው፣ ሌላ ምን ልበለው።

ክረምቱ ሲወጣ ዘበኛው አገልግላችንን ሳይከፍት መለሰልን። «ሰውያችሁ የለም፤ ከእንግዲህ አታምጡ» አለ። አማቴ አገልግሉን ተቀበሉ። ዞር ሲሉ በግንባራቸው ተደፉ። አውቀው አልነበረም።

ዘበኛው ጓደኞቹን ጠራና ሳቁ።