ጉራግኛው የታለ?

ቡታጅራ ላይ በተዘጋጀው የሙዚቃ ፌስቲቫል የዚያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። እኔና ጓደኛዬ ከጎረቤቷ ከተማ ከቆሼ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቀን የመጣነው ለጉራግኛ ዘፋኙ ብለን ነው። ፖስተሩ ላይ ከሁሉም ገዝፎ የወጣው እሱ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የምንሰማው ግን ዲጄ ብቻ፤ ማይኩም ያፏጫል፣ ይቆራረጣል።

«ጉራግኛው የታለ?» ብዬ ጀመርኩ። አጠገቤ ያሉት ተቀበሉኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ሜዳው በሙሉ እያጨበጨበ ይለው ጀመር። ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

አዘጋጁ ላብ በላብ ሆኖ አንድ ሽማግሌ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ሲያነሱ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ዘፋኙ ቀርቷል። ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቃችኋል» አሉ። «ጭብጨባችሁ ግን እንኳን ለዘፈን ለሠርግም ይበቃል። የጎደለን አውጪ ብቻ ነው። መጀመሪያ የጮኸው ማነው?»

ጓደኛዬ ሳይቀር ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። በሰው ትከሻ ላይ ተንሳፍፌ መድረኩ ላይ ደረስኩ። ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ የዋለው ማይክ እኔ እጅ ሲገባ ድምፁ ኩልል አለ።

«በል ልጄ፣ አውጣልን» አሉኝ።

እኔ ለማስተማር ቆሼ የተመደብኩ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ከጉራግኛ የማውቀው ጭፈራውን ብቻ ነው።