ዘሀራ ዘሯን ያስረከበች ዓመት

ዘሀራን የቀበራት የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር እንድሪስ ነው። ወንዶቹ ዛሬ ያደረጉት አፈር ማልበስ ብቻ ነው።

ጠዋት ልጇ ከደሴ ሆስፒታል ደውላ «እማዬ አረፈች» ስትለኝ «የማን እማዬ?» አልኳት። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋት፦ ዘሀራ ደጋን ከተማ አጠገብ አጥር ለአጥር ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ገበሬ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬውን ከወንድሞቿ እየተዋሰች ቤቷን አቆመች። ዘር ግን ከማንም አትዋስም። ማሽላው ሳይታጨድ ገብታ ምርጥ ምርጡን ዛላ ትቆርጥና ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። አንድ ጊዜ አንዱን ዛላ ለዶሮዎቼ ብለምናት «አንቺ! ልጄን ለዶሮ ልስጥልሽ?» ብላ አባረረችኝ።

«ዘሩን እኔ ልያዝ፣ ዝናቡን አላህ ይያዘው» ነበር የምትል።

ከዚያ ማህበሩ መጋዘኑ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ያላችሁን ዘር አስረክቡ፣ በምትኩ ምርጥ ዘር ከኮምቦልቻ ይመጣላችኋል ይላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። «እስቲ መምህሯ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። እየኮራሁ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ባይመጣስ?»

«ተጽፏል እኮ!» አልኳት።

ሁሉንም አውርዳ አስረከበች። ሚያዝያ ላይ ዘነበ፤ ምርጥ ዘሩ የለም። እንድሪስ አንዴ መኪና ጠፋ፣ አንዴ ወረፋ ነው ይላል። ኮምቦልቻ እኮ ጠዋት በሚኒባስ ሄደን ለምሳ የምንመለስበት አገር ነው! የራሷን መልሱልኝ ብትል ከሌላው እህል ተቀላቅሎ ገበያ ወጥቷል። ምርጥ ዘሩ ሲደርስ መሬቱ ደርቋል። እንድሪስ ግን የራሱን ዘር አላስረከበም ኖሯል። ማሳው መንገድ ዳር ነው፤ ሲያብብ ሁላችንም አየነው።

ዘሀራ ላሟን ሸጠች። ቀጥሎ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠችና ኮምቦልቻ ወርዳ ፋብሪካ በር ላይ ቆሎ ትሸጥ ጀመር። ሐኪሙ የገደላት ደም ግፊት ነው አለ። ይበል።

ዘሀራዬ፣ አላህ በሰፊው ይቀበልሽ። ሳልነግርሽ የቀረሁት ነገር አለ። አንቺ ኮምቦልቻ ሳለሽ እንድሪስ ዳግመኛ ሲመረጥ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሰው እያየኝ አፍሬ ነው።

ደህና ሁኚ እህቴ። ከእንግዲህ ለእሱ እጄን አላወጣም።