የስኮትላንዱ ንጉሥና የእናቴ መርዶ

ጄኔቫ ውስጥ ሰባት ዓመት ያገለገልኳቸው ዲፕሎማት ስለ አንድ የጥንት የስኮትላንድ ንጉሥ መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። ሸሚዛቸውን ስተኩስ እያነበቡ ያሰሙኛል። ንጉሡ በልጅነቱ ባሕር ላይ ተማርኮ አሥራ ስምንት ዓመት እንግሊዝ አገር ታስሯል። አገሩን በእሱ ቦታ የሚገዛው አጎቱ ሥልጣኑ ስለተመቸው ለማስፈታት አልተጣደፈም። እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል። የእኔ ፓስፖርት እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እናቴ ስትታመም የሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ።

«መጽሐፉ ይለቅና ትሄጃለሽ» አሉ።

ሥራው ላይ ያስገባችኝ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ለምኚልኝ አልኳት። «አይዞሽ፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ» አለች። አገር ቤት ስደውል እናቴ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ጠበል ሄዳለች ይሉኛል። እኔም በየሳምንቱ ሰውየውን እለምናለሁ። ፋሲካ አለፈ፤ ፍልሰታም አለፈ።

ንጉሡ ተፈትቶ አገሩ ገባ። የአጎቱን ልጅና የልጅ ልጆቹን አንገት አስቀላ።

«ዘመዶቹ ላይ አልበዛም?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። ዛሬ ቢጠይቁኝ አልበዛም እላለሁ።

ንጉሡ ብዙ ዓመት በብርቱ ክንድ ገዝቶ በራሱ መኳንንት ተገደለ፤ መጽሐፉም አለቀ። ፓስፖርቴን ሰጡኝ። ትኬት እንደቆረጥኩ የአክስቴ ልጅ «ከመሄድሽ በፊት እሁድ በጠዋት ብቅ በይ» አለችኝ።

በሩ ሲከፈት ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ቄሱም አሉ። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

«መቼ ነው?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ እህቴ።»

«መቼ ነው አልኩሽ!»

«ለሁዳዴ መግቢያ» አለች። «በሰው አገር ብቻሽን እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

«የደነገጥሽውስ አንቺ ነሽ። ሰውየውን ጥያቸው ብሄድ ፊታቸው እንዳታፍሪ ብለሽ ነው!»

«ኧረ ተይ፣ ዛሬ እንዲህ አይባልም» አሉ ሴቶቹ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች እያለቀሰች። «ለሰውየውም ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ አዝነውልሻል።»

ስድስት ወር ሙሉ ለሞተች እናት ፈቃድ ስለምናቸው እያወቁ ይሰሙኝ ነበር ማለት ነው። ጄኔቫ ተመልሼ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

«ባህላችሁ ነው ስላሉኝ አከበርኩት» አሉ።

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አገር ቤት ስደርስ እህቶቼ ከሐዘናቸው ወጥተዋል። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ፤ ጥቂት አለቀሱልኝና ስለ ስዊዘርላንድ ይጠይቁኝ ጀመር።