ለሁለት ጉዳተኛ አንድ ቦታ

ኑርሑሴን ግራ እጁን ያጣው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አፋፍ ላይ በነበረው የመንግሥት የእንጨት ሥራ ድርጅት የዋንዛ ግንድ ሲሰነጥቅ፣ በግንዱ ውስጥ የተደበቀ ጉጥ መጋዙን አዘለለውና እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጠው። የቀን ጎዶሎ ነው። የተቆረጠውን እጅ አጎቱ ዓሊ ከሐኪም ቤት ተቀበሉ፤ የሰው አካል አይጣልምና በነጭ ጨርቅ ከፍነው በእስላም መቃብር ቀበሩት። ጣቶቹ ግን ጨብጠው ደርቀው ስለነበር ሊዘረጉላቸው አልቻሉም። ዝናቡም ሲያስቸኩላቸው እንደ ጨበጠ አፈር አለበሱት።

ይህን የሰሙ አንዲት የሰፈር አሮጊት «ጨብጦ የተቀበረ እጅ ባለቤቱን አያሳርፍም» ብለው ተናገሩ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። ኑርሑሴን ግን አልሳቀም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከአፈር በታች ያለው እጁ ጥፍሩን በገዛ መዳፉ ላይ ሲተክል ይሰማው ነበር። ሐኪሙ «ነርቭ ነው» አለው። ነርቭም ይሁን ሌላ፣ የሚያመው ሐኪሙን አልነበረም።

ድርጅቱ አላባረረውም። ከመጋዝ አንሥተው ወንበርና ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት የሚለሰልስበት ክፍል አስገቡት። እንጨቱን በጉልበቱ መሐል ጠርንፎ በቀኝ እጁ ይፈትገዋል። ከጎበዞቹ እኩል ባይሆንም ከሰነፎቹ ይሻል ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሰነፍ አይታጣም። ሚስቱ ጀሊላና ሁለት ሴት ልጆቹ የሚያድሩት በዚያች ሥራ ነው። ከእርሷ ከወጣ አንድ እጅ ያለው አናጢ የትም እንደማይቀጠር ያውቃል።

በሰባ አራት ከላይ መመሪያ ወረደ። እያንዳንዱ ድርጅት እንደ ስፋቱ ለጉዳተኞች የሥራ ቦታ ይስጥ ተባለ፤ ለእንጨት ሥራው የደረሰው የአንድ ሰው ቦታ ነው። መመሪያው በተነበበ በሳምንቱ ዳኘው የሚባል ሰው መጣ።

ዳኘው የአንበሳሜ ሰው ነው። ኦጋዴን ዘምቶ ፈንጂ ሁለት እግሩን ከጉልበቱ በላይ ወስዶበታል። አራት ኩሽኔታ በተገጠመላት ሳንቃ ላይ ተቀምጦ፣ አስፋልቱን በእጁ እየገፋ ይሄዳል፤ ከሩቅ ሲመጣ የኩሽኔታው ጩኸት ይቀድመዋል። በጦር ሆስፒታል ሳለ የወንበር መቀመጫ መጎንጎን ተምሯል። እጁ ጤነኛ፣ ሥራው የተቀመጠ ሰው ሥራ። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ሰው ከየት ይመጣል?

የድርጅቱ ኃላፊ ጓድ ገብረ መስቀል ግን ፊታቸው ጠቆረ። የሥራ ክፍሉ በር ላይ ደረጃ አለ፤ ለዳኘው ሲባል በደረጃው ላይ ሳንቃ ተጋድሞ ተዳፋት ሊበጅ ነው፤ ሽንት ቤቱም ሊስተካከል ነው። «ለአንድ ሰው ብለን ቤት እናፍርስ?» አሉ። ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ሲሰነጥቅ የሚውል ድርጅት፣ ሁለት ሳንቃ አጣ እንግዲህ።

ኑርሑሴንን ቢሮ አስጠሩት።

«ስማ ወንድሜ» አሉት፤ «ያለን የጉዳተኛ ቦታ አንድ ነው። አንተ ከያዝኸው ተይዟል። እርሱ ከገባ ግን አንተን በምን ስም አቆይሃለሁ?»

«እኔ እኮ አናጢ ነኝ ጓድ። ከመመሪያው በፊትም ነበርሁ።»

«ነበርህ። ነገ የከተማው ተወካይ ወደ ስብሰባው ይመጣል። ስትጠየቅ የምትለውን አንተ ታውቃለህ።»

በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ በሥራ ክፍሉ ተሰበሰበ። ዳኘውም ተጠርቶ መጥቷል፤ ደረጃውን የሚያወጣው ስላልነበረ ከደጅ፣ ከሳንቃው ላይ ሆኖ አንገቱን አሽቅቦ ይመለከታል። እንደ ጊዜው ልማድ መፈክር ተባለ። ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣ። የኑርሑሴን ግራ እጅ በእስላም መቃብር ስለሆነ፣ እንደ ወትሮው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መፈክሩ ሲያልቅ ሁሉም ተቀመጠ።

«ጓዶች» አሉ ገብረ መስቀል ወደ ከተማው ተወካይ እያዩ፣ «ድርጅታችን መመሪያውን ገና ሳይወርድ ነው የፈጸመው። ጓድ ኑርሑሴን፣ ተነሥ። ጉዳተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ኑርሑሴን ተነሣ። «እኔ በራሴ ቦታ ነው ያለሁት፤ ያኛው ቦታ የዚያ ሰው ነው» የሚለው ቃል እስከ ጉሮሮው መጥቶ ነበር። ወላሂ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ትዝ አሉትና ዋጠው።

«ነኝ» አለ።

«አሳያቸው እንጂ።»

ባዶውን እጅጌ ጠቅልሎ ጉማዱን ወደ ላይ አነሣ። ተጨበጨበለት። ከጭብጨባው መሐል የኩሽኔታው ድምፅ ሲዞርና ሲሄድ ሰማ።

ሄደ ሲባል ግን ዳኘው አልሄደም። በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ፣ ከግቢው በር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር፣ ሰጋቱራ ከሚደፋበት ክምር አጠገብ ተቀምጦ ተገኘ። በሦስተኛውም ቀን እዚያው ነው። በሳምንቱም እዚያው። ልመና አይለምንም፣ ሰው አያስቸግርም። ኑርሑሴን ሲያልፍ «እንደምን አደርህ ወንድሜ» ይለዋል፤ ያችን «ወንድሜ» የምትለዋን ቃል ነበር ኑርሑሴን የሚፈራት። ቢሰድበው ይቀልለው ነበር።

ከሁሉ የባሰው የማታው ነበር። የመውጫው ደወል ሲደወል ዳኘው ከክምሩ ሰጋቱራ በእፍኙ ይዘግንና ትከሻውና ጋቢው ላይ ይነሰንሳል፤ ጥቂት ደግሞ ራሱ ላይ። ከዚያ ሳንቃውን እየገፋ ይሄዳል። ሠራተኛው ይህን አይቶ ሰቀጠጠው። ሰው በራሱ ላይ አፈር የሚነሰንሰው ሲያዝን ወይም ለፈጣሪው አቤት ሲል ነው፤ አፈር ያጣ ደግሞ ሰጋቱራም ይበቃዋል። «እያመለከተ ነው» አሉ። «የማን ቤት እንደሚፈርስ እናያለን» አሉ። አንዱም በኑርሑሴን ቁስል እንጨት ሰደደበት፦ «አንተማ ሌላውንም እጅህን ጠብቅ።»

ከዚያ ወዲህ ኑርሑሴን በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ በር መግባት ጀመረ። በጓሮ ቢገባም አላመለጠም። የሥራ ክፍሉ መስኮት በዋርካው ትይዩ ነው፤ ፊቱን ቢያዞርም ሰውየው ጀርባው ላይ ተቀምጦ የሚውል ይመስለዋል። ያ የተቀበረ እጅ ቀድሞ በዝናብ ብቻ ነበር የሚጨብጠው፤ አሁን በጋ ከክረምት አይለይም። እየሠራ ሳለ ድንገት ይጨብጥና ጥፍሩን ይተክልበታል። የመንገድ ጋሪ ሲንቋቋ ኩሽኔታ እየመሰለው ይደነግጣል። ልጆቹ ሲስቁ እንኳ ቆጣ ይል ጀመር።

ጀሊላ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን ተናገረችው።

«ሂድና አናግረው እንጂ። ሰው አይደል እንዴ? ይበላሃል?»

«ምን ብዬ?»

«በድዬሃለሁ በለው። ከዚያ ኃላፊውን አንድ ላይ ሆናችሁ ጠይቁት። እኛን አላህ አይጥለንም።»

ለማለት ቀላል ነው። ኑርሑሴን አንድ ጁምዓ፣ ከስግደት በኋላ፣ ቆረጠ። ቅዳሜ ጠዋት በዋናው በር ሄደ። በልቡ ቃሉን እያጠና ነበር፦ ኃላፊው ፊት ቀርቤ ቦታው የአንተ ነው እላለሁ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ። ከዋርካው ሥር ግን ማንም አልነበረም።

«ዳኘውን ነው?» አለው የበሩ ዘበኛ። «ማክሰኞ ተቀበረ እኮ። ወባ ነው አሉ፤ ቀንም አልሰጠው። አልሰማህም? ለነገሩ አንተ በጓሮ ነው የምትገባው።»

ኑርሑሴን ያን ቀን ሥራ አልገባም። መንገድ ለመንገድ ሲዞር ውሎ ወደ ማታ ለቅሶ ቤቱን ጠይቆ አገኘ። ከአንዲት ዝቅተኛ ደሳሳ ጎጆ በር ላይ ያቺ ባለ አራት ኩሽኔታ ሳንቃ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጫማውን አውልቆ ገባ። ጥቂት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል፤ የዳኘው ሚስት ወለተ ሩፋኤል ጥቁር ለብሳ ከጥግ ናት። ቢያንስ ለእርሷ ተናግሬ ልውጣ ብሎ ነበር የመጣው።

«ከወዴት ነህ ወንድሜ?» አለችው።

«ከእንጨት ሥራው ነኝ።»

ሴትዮዋ ብድግ አለች። ፊቷ በራ። «ኧረ ቦታ ልቀቁ! ከሥራ ቦታው መጡ!» ብላ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «እኔ እኮ የሥራ ጓደኞቹ ቀሩበት ብዬ አዝኜ ነበር። ይኼው መጡለት!»

ኑርሑሴን የተሰጠው በርጩማ ላይ ተቀመጠ እንጂ ምን እንደምትል አልገባውም።

«እንዴት ይወደው ነበር ሥራውን መሰለህ» አለች። «እንዳላለቅስበት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ድካሙን እንኳ አይነግረኝም። ማታ ሲገባ ከትከሻው፣ ከራሱም ላይ ሰጋቱራውን የማራግፍለት እኔ ነበርሁ። ዛሬ ብዙ ሠራችሁ? ስለው፣ ብዙ፣ ይለኛል። የጡረታዋን ብር እንኳ ደሞዝ ነው ብሎ በእጄ ሲሰጠኝ እንደ ሙሽራ ነበር የሚሆን። ጡረታው መሆኑን አውቄ ዝም አልሁት፤ ደሞዙን ለራሱ ቢያስቀር ምናለበት ብዬ።»

ኑርሑሴን ወለሉን ተመለከተ። ያ ሰው አንድ ቀንም አልረገመውም ነበር። ሥራ እንዳላገኘ ሚስቱ እንዳታውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ከዋርካው ሥር ተደብቆ እየዋለ፣ ማታ የሠራተኛ ልብሱን ሲያሳምር ነበር። ያን ሁሉ ወር በጓሮ የሸሸው ሰላምታ፣ ሰላምታ ብቻ ነበር።

«አንተ ባለ አንድ እጁ ነህ?» አለችው ጉማዱን አይታ። «ኑርሑሴን? ነግሮኛል። አንድ እጅ ያለው አናጢ ጓደኛ አለኝ፣ ይሉኝታ ያለው ሰው ነው፣ ይለኝ ነበር።»

አፉን ከፈተ። የመጣበት ቃል እዚያው ነበር፤ አሁን ቢናገረው የሚፈርሰው ግን የእርሱ ቤት አይደለም። ሟች ለስንት ወር በእፍኝ የገነባላትን ነው።

«ጎበዝ ነበረ» አላት። «የጎነጎነው ወንበር አይላላም።»

ወለተ ሩፋኤል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ንፍሮ ዘግና ሰጠችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«በእርሱ ቦታ ሰው አስገቡ?»

«አስገብተዋል።»

«ማንን?»

ኑርሑሴን ንፍሮውን ጨበጠ። ውሸቱ እዚህ ድረስ አመጣው፤ ከዚህ በኋላ ግን አልቻለም።

«እኔን» አላት።

«እሰይ» አለች ሴትዮዋ፤ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «ባዳ ይዞት ቢሆን ይቆጨኝ ነበር። አደራህን ወንድሜ፣ ቦታውን ጠብቅለት።»

«እሺ» አላት።