ውሻዬና «ተፈደል»

ገዳሪፍ ሳለሁ ውሻዬ እንግዳ አላስገባ አለ። አሠለጥነዋለሁ ብዬ፣ ሰው በመጣና በአገሬው ዐረብኛ «ተፈደል»፣ ማለትም «ግባ፣ ብላ» ባልኩ ቁጥር አጥንት እወረውርለት ጀመር። በወሩ ጩኸቱን ተወ፤ እኔም ውሻ አሠልጣኝ ነኝ እያልኩ ጎረርኩ።

ረመዳን ገባ። ጎረቤቶቼ እንደ ልማዳቸው መንገድ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ማፍጠሪያቸውን ደርድረው፣ አላፊ አግዳሚውን «ተፈደል» አሉ። ውሻዬ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ትሪው ውስጥ አፍንጫውን ሳይከት አንገቱን ያዝኩት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ግን እየሳቁ፣ «ውሻውን እሰርና ተፈደል» አሉኝ።

አሰርኩት። ቀኑን ሙሉ ስበላ የዋልኩት ሰውዬ፣ ሳላንገራግር ከትሪው ቀረብኩ። ውሻዬ ከአጥር ውስጥ ያላዝናል። እሱ ያቺን ቃል ለመልመድ ወር ፈጅቶበታል፤ እኔ የለመድኳት ገዳሪፍ በገባሁ በማግስቱ ነው።