አጎቴ የለመኑኝ ስንቅ

አጎቴ በምንኖርበት በኦሮራ ከተማ ታማሚ ሲጠይቁ፣ ስለ ሐኪሙ ከማንሳታቸው በፊት «አባ መጥተዋል?» ይሉ ነበር። ካረፉ ወዲህ ያንን የሚጠይቅ ጠፋ።

ሎውሪ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሞት ሲቃረባቸው፣ «መዋጥ ሳያቅተኝ ልቁረብ፤ ለአባ ደውልልኝ» አሉኝ።

እኔ ላቲንን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ስለነበር ማብራራት ጀመርኩ፤ ሮማውያን ለመንገደኛ የሚሰጡትን ስንቅ «ቪያቲኩም» ይሉት እንደነበር፣ ካቶሊኮች የሚሞት ሰው የሚቀበለውን ቁርባን በዚያ ስም እንደጠሩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን አንሳ እንጂ!» ብለው አጎቴ ሳቁ። ጠያቂዎቹም ሳቁ። እኔ ግን እንግሊዝኛው ቃሉን እንዴት እንደወሰደ ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ያንን ጨርሼ ደወልኩ።

አባ ሲደርሱ አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ መዋጥ ግን አልቻሉም። አባ ጸለዩላቸውና ቁርባኑን እንደያዙ ወጡ። መኪናቸው ድረስ ስሸኛቸው፣ «እንኳን ደወሉልኝ» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።